ያልበረደው አመድ

እሳት ሲጠፋ የት ይሄዳል?

ገነቴ ይህን ጥያቄ የያዘችው ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለች ይመስላታል። ትንሽ ከፍ ስትል አባቷን ጠየቀችው፤ ሳቀ። እናቷን ጠየቀቻት፤ «ሂጂ ውሃ ቅጂ» አለቻት። አስተማሪዋን ልትጠይቅ አንድ ቀን እጇን አነሳችና ግማሽ ላይ ስትደርስ መልሳ አወረደችው። ጥያቄው አብሯት አደገ።

ልጆች፣ ገነቴ የምትኖረው ሆሳዕና ከተማ ዳር፣ ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ በኩል ነበር። አሥራ አንድ ዓመቷን ጨርሳ አሥራ ሁለተኛውን ይዛለች። ቤታቸው ክብ ነው፤ ክዳኑ ሣር፣ ዙሪያው እንሰት። ጠዋት ጠዋት የየቤቱ ጭስ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ሾልኮ ሲወጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስላል። ጉሙ ከሸለቆው ይወጣል፤ ጭሱ ከጣራው ይወርዳል፤ ሁለቱ በእንሰቱ ቅጠል ላይ ይገናኙና የትኛው ጉም፣ የትኛው ጭስ እንደሆነ አይለይም። ገነቴ በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆማ ማየት ትወድ ነበር። ቆማ ስታይ ደግሞ የተላከችበትን ትረሳለች።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። ክብሪት የሚገኘው የቀበሌው ሱቅ ሲያመጣ ብቻ ነበር፤ ሲያመጣም ሰልፉ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ስለዚህ በየቤቱ እሳት ጨርሶ እንዲጠፋ አይደረግም። ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍኑታል። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ይሉታል። በእነገነቴ ቤት መዳፈኑ የእሷ ሥራ ነበር።

ከመዳፈኗ በፊት ግን ፍሙን ታየዋለች። በፍሙ ውስጥ ከተማ ይታያታል፤ ቀይ መስኮቶች፣ ቀይ መንገዶች፣ ፋኖስ ይዘው የሚሄዱ ትንንሽ ሰዎች። አመዱን ስታለብሳቸው «ደኅና እደሩ» ትላቸዋለች። የምትላቸው በሀዲይኛ ነው። የፍም ከተማ ሰዎች አማርኛ የሚችሉ አይመስላትም ነበር።

ምድጃው ሲሞላ ትርፉን አመድ አውጥታ የምትደፋውም እሷ ናት። አመድ ለእንሰት ጥሩ ነው፤ ሥሩ ላይ ሲደፋለት ይወፍራል። ነገር ግን ወግ አለው። እናቷ አስናቀች ወጉን ደጋግማ ነግራታለች።

«መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ትደፊዋለሽ። ውሃ ትረጪበታለሽ። እዚያው ያድራል። በማግስቱ በእጅሽ ጀርባ ትነኪዋለሽ። ከቀዘቀዘ ለእንሰቱ ትሰጪዋለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«በእጅ ጀርባ ለምን?»

«መዳፍ ሥራ ለምዷል፤ ትኩሱን ቀዝቃዛ ይለዋል።»

«ጎሽ!»

በዚያ ዓመት በሰፈሩ አዲስ ነገር ተጀምሮ ነበር። ባለፈው በጋ በታችኛው ሰፈር እሳት ተነስቶ ቤቶች ነደዋል። የእሳት አደጋ መኪና ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? አናጢው ጋሼ ማቴዎስ ሰፈሩን ሰበሰቡና፣ «መኪናው እኛው ነን፤ ጎማ ብቻ ነው የሌለን» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ግን መጣላቸው። ወጣት ወንዶች ብዙዎቹ ለውትድርና ስለሄዱ፣ የመጡት እናቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ነበሩ። ባለሱቁ ረሻድ ባዶ በርሜል ሰጡ። ጋሼ ማቴዎስ መሰላል ሠሩ፤ የሚነድ ሣር ከጣራ ላይ ጎትቶ የሚያወርድ፣ ጫፉ ላይ ቆልማማ ብረት ያለው ረጅም እንጨትም ሠሩ። እሳት ሲታይ ሰው ለመጥራት የሚነፉት ፊሽካም አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ሥራው ደመወዝ የለውም። የገባ ሁሉ በፈቃዱ የገባ ነው። ስማቸው «የእሳት አጥፊ በጎ ፈቃደኞች» ነበር፤ ልጆቹ ግን «የባልዲ ጓዶች» ይሏቸዋል።

አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ልጅ መግባት ይችላል። ገነቴ መግባት ትፈልግ ነበር፤ እንቅልፍ እስኪያሳጣት ትፈልግ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለልምምዱ ወደ ጋሼ ማቴዎስ ግቢ ትሄድና በሩ ጥግ ትቆማለች። ከዚያ ምንም ሳትናገር ትመለሳለች። ዳኘ የሚባል የጎረቤት ልጅ ባልዲውን እያወዛወዘ ይስቅባታል።

«ገነቴ! ድምፅሽን ምንጭ ውስጥ ጣልሽው እንዴ? ወርደን እንፈልግልሽ?»

አንድ የጥር ቅዳሜ ግን ገነቴ ቆረጠች። ዛሬ ስሜን እናገራለሁ አለች በልቧ። እናቷ ገበያ ስትወጣ፣ «አመዱን እንዳትረሺ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ለመርጨት የሚሆን ውሃ አለ። ከዚያ ምንጭ ወርደሽ ትሞዪዋለሽ» ብላት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ ቀላል፣ ፀሐዩ ቢጫ ነው። ከጋሼ ማቴዎስ ግቢ የባልዲ ድምፅ ይሰማል፤ ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ልምምዱ ተጀምሯል። ገነቴ አመዱን በአሮጌ ቆርቆሮ ሞልታ ወጣች። ጀሪካኑን አየችው። ውሃውን ከረጨችው ባዶ ይሆናል። ባዶ ከሆነ ምንጭ መውረድ አለባት። ከምንጭ እስክትመለስ ልምምዱ ያልቃል፤ ድፍረቷም አብሮ ያልቃል።

አመዱን አየችው። ነጭ ነው። ለስላሳ ነው። ዱቄት ይመስላል።

«ሞቷል» አለች ለራሷ። «ነጭ እኮ ነው።»

ልጆች፣ እናንተስ እንዲህ ብላችሁ አታውቁም? አንድ ነገር ለመተው ስንፈልግ ዓይናችን ራሱ ያግዘናል።

ገነቴ በእጇ ጀርባ አልነካችውም። ውሃም አልረጨችበትም። ጉድጓዱንም አልፋ ሄደች። ቆርቆሮውን በአጥሩ ጥግ ካለው እንሰት ሥር፣ በደረቀው ቅጠል ላይ ገለበጠችው። አመዱ ቀስ ብሎ ተነነ፤ በፀሐዩ ውስጥ እንደ ትንሽ ደመና ተንሳፈፈ። ደስ አላት። እጇን አራግፋ ሮጠች።

በጋሼ ማቴዎስ ግቢ ሰዎቹ ከበርሜሉ እስከ አጥሩ ተሰልፈው ባልዲ ይቀባበላሉ። አንዲት እናት ውሃውን ሳታስበው ዳኘ ላይ ደፍታበት ሁሉም ይስቃል። ጋሼ ማቴዎስ ዞር ሲሉ ገነቴን በሩ ጥግ አዩዋት።

«ማን ናት እሷ? የጠና ልጅ አይደለሽም? ነይ ግቢ! ምን ፈልገሽ ነው?»

ገነቴ አፏን ከፈተች። ስሟ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያው ቅጽበት ግን ከጋሼ ማቴዎስ ትከሻ በላይ፣ ከእንሰቱ አናት ላይ፣ ወፍራም ግራጫ ነገር ሲነሳ አየች። ከቤት ክዳን ቀስ ብሎ የሚሾልከው ዓይነት አልነበረም። እየተጠቀለለ፣ እየተቻኮለ ይወጣል።

«ጭስ» አለች።

«ምን?»

«ጭስ! ጭስ ነው!»

ባልዲው፣ መሰላሉ፣ ሰዉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሮጠ።

የሚነደው የገነቴ ቤት አልነበረም። አጥሩን የሚጋሩት የእትዬ አበራሽ ጓሮ ነበር። እትዬ አበራሽ ከሩቅ አገር መጥተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በጓሯቸው ባለች ትንሽ ጎጆ አረቄ ያወጣሉ። በአረቄው ምክንያት በሰፈሩ ያሉ አማኞች ልጆቻቸውን ወደዚያ ግቢ አያስገቡም ነበር። ያን ቀን እትዬ አበራሽ ገበያ ሄደዋል። እሳቱ አጥሩን ይዞ፣ ከአጥሩ ወደ ጎጆዋ ሣር ዘሎ፣ አሁን ወደ ትልቁ ቤት አንገቱን ያሰግጋል።

«ውሃው አይበቃም! እንሰት ቁረጡ!» ብለው ጮኹ ጋሼ ማቴዎስ።

እንሰት ግንዱ ውሃ ነው። ሰዎቹ እርጥቡን እንሰት እየቆረጡ እሳቱ ላይ ወረወሩት፤ ትሽሽ እያለ ጮኸ። ሌሎቹ በቆልማማው ብረት የሚነደውን ሣር ጎትተው አወረዱ። ገነቴም ባልዲ ታቀብላለች። የእሳት ብናኝ እንደ ቀይ ቢራቢሮ ከፀጉሯ በላይ ያልፋል፤ እሷ ግን ሕልም ውስጥ እንዳለች ሁሉ እጇ ብቻ ይሠራል።

ጎጆዋ ከነእንስራዎቹ ነደደች። ትልቁ ቤት ተረፈ። የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ሰዉ ላቡን ሲጠርግ፣ ገነቴ መሬቱን አየች። ከእነሱ እንሰት ሥር ተነስቶ፣ በደረቁ ቅጠል አድርጎ፣ እስከ አጥሩ የሚሄድ ጥቁር መስመር ነበር። ለስንት ዓመት የጠየቀችው ነገር መልስ እግሯ ሥር ነበር። እሳቱ የትም አልሄደም። አመዱን ለብሶ ተኝቶ ነበር፤ ተሸክማ ያወጣችው እሷ ናት።

ወዲያው ሰዉ ረገጠው። መስመሩ ጠፋ።

እትዬ አበራሽ የገበያ ሸክማቸውን አዝለው ደረሱ። ሸክሙን ሳያወርዱ ቆሙ።

«አረቄ ጥዳ ጥላው ሄዳ!» አለ አንድ ሰው።

«አጥፍቼ ነው የሄድኩት! ውሃ አፍስሼበት ነው!»

«አረቄ ቤት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ የሚባክነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። እትዬ አበራሽ የተሰባበረውን እንስራ አዩና፣ «እንግዲህ ደስ ይበላችሁ፤ አረቄዬን እሳት ጠጣላችሁ» አሉ። ሸክማቸውን ግን ገና አላወረዱትም።

«ዛሬ ጎጆ ነው፤ ነገ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ከዚህ ትውጣልን!» አለች አንዲት ሴት። ብዙዎች «ትውጣ» አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ብሩ እጃቸውን አንስተው፣ «ሰኞ በስብሰባ ይወሰናል» አሉ።

ገነቴ አፏን ከፈተች። በዚያው ሰዓት ጋሼ ማቴዎስ ትከሻዋን ያዟት።

«ጭሱን ቀድማ ያየች ይህች ልጅ ናት! እሷ ባትኖር ትልቁም ቤት አይተርፍም ነበር።»

ከአንገታቸው ፊሽካቸውን አውጥተው በአንገቷ አጠለቁላት። ሰው አጨበጨበ። ዳኘ እንኳ አጨበጨበ። ፊሽካ ቀላል ነገር ነው፤ ለገነቴ ግን ውሃ ከሞላ እንስራ ይልቅ ከበዳት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያኑ በር በመንግሥት ተቆልፎ ስለነበር፣ ልጆቹ የሚማሩት በጋሼ ማቴዎስ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ሰጋቱራው ላይ ተቀምጠው መዝሙሩን ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይዘምሩታል። ሲጸልዩ ገነቴ ዓይኗን መጨፈን አቃታት።

ወደ ቤት ስትመለስ እትዬ አበራሽ ከተቃጠለችው ጎጆ ዳር ተቀምጠው ገል ይለቅማሉ።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ባለ ፊሽካ ልጅ። ጭሱን ያየሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እግዚአብሔር ያሳድግሽ። ዓይንሽን ይባርከው። ክፉ አይንካሽ። ቤቴን አተረፍሽልኝ።»

ገነቴ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ምርቃቱ ከኋላዋ ተከተላት።

ማታ እናቷ ምድጃው አጠገብ ሆና ድንገት ጠየቀቻት።

«አመዱን ጉድጓድ ነው የደፋሽው አይደል?»

«አዎ» አለች ገነቴ።

አያችሁ ልጆች? የመጀመሪያው ጥፋት ብቻውን መኖር አይችልም፤ ጓደኛ ይፈልጋል።

ያን ምሽት ገነቴ ፍሙን ስትዳፍን ከተማውን ፈለገችው። መስኮቶቹ ጨልመዋል። በቀዩ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ሴት ብቻ ትታያለች፤ ሸክሟን አዝላ፣ ወደ ኋላ እየዞረች፣ ከከተማው እየወጣች ትሄዳለች። ገነቴ «ደኅና እደሪ» ልትላት አልቻለችም።

ሰኞ ሰው በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ጓድ ብሩ ግራ እጃቸውን አንስተው መፈክር አሰሙ፤ ሰውም ተከተለ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ስለ አረቄ ተናገረ። ሌላው ስለ ሣር ቤት ተናገረ። እትዬ አበራሽ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ይጠመዝዛሉ።

ገነቴ በእናትና በአባቷ መካከል ናት። የምትናገረውን ሌሊቱን ስታዘጋጅ አድራለች፤ ግን በሀዲይኛ ነው ያዘጋጀችው። ስብሰባው በአማርኛ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ ስትለውጥ ነገሩ አመለጣት።

«እኔ...» አለች።

ማንም አልሰማም። ከኋላዋ ዳኘ ብቻ፣ «ምንጭ ልውረድልሽ?» ብሎ ሹክ አላት።

«እንግዲህ» አሉ ጓድ ብሩ፣ «ከሰፈሩ ትውጣ የምትሉ፣ እጅ አውጡ።»

እጆች መነሳት ጀመሩ። የእናቷም እጅ ተነሳ። ገነቴ ፊሽካውን አፏ ውስጥ ከተተችና ባለ በሌለ ኃይሏ ነፋችው።

ልጆች፣ ያን ጊዜ የሆነውን ብታዩ! «እሳት!» ብሎ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ረሻድ «ሱቄን!» እያሉ በሩን ያዙ። አንድ ሽማግሌ አግዳሚውን ወንበር ተሸክመው በመስኮት ለማውጣት ታገሉ። ጋሼ ማቴዎስ «የት ነው? የት ነው?» እያሉ ባልዲ ፈለጉ። ከዚያ ሁሉም ዞር ብሎ ገነቴን አያት።

«አሁን እሳት የለም» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። «የቅዳሜውን እሳት ያወጣሁት እኔ ነኝ። አመዱን ሳልነካው ደፋሁት። ውሃ አልረጨሁበትም። እትዬ አበራሽ ጥፋት የለባቸውም። ለእናቴም ዋሸሁ።»

አስናቀች የተነሳ እጇን አውርዳ ፊቷን ሸፈነችበት። አባቷ ጠና ቀስ ብሎ ቆመ።

«ልጄ ናት» አለ። «ጎጆዋን እኔ እሠራለሁ።»

እትዬ አበራሽ ተነስተው በሰዉ መካከል አልፈው መጡ። ገነቴ ፊት ቆሙ።

«አንቺ ልጅ! እኔ ትናንት ያን ሁሉ ስመርቅሽ ዝም ብለሽ ትቀበያለሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«መልሺልኝ! ምርቃቴን መልሺልኝ!»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። ገነቴ ግን እንባዋ መጣ። እትዬ አበራሽ አዩዋትና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ተዪው፣ ግማሹን ያዢው። ለዛሬው እውነትሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ መውጣት የተናገረ ሰው አልነበረም። ጓድ ብሩም ስብሰባውን ያለ መፈክር ዘጉት።

ገነቴ ፊሽካውን አውልቃ ለጋሼ ማቴዎስ ዘረጋችላቸው። «አይ፣ ያዢው» የሚሏት መስሏችሁ ከሆነ፣ አላሏትም። ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይህ ሐሰት ላይ የተሰጠ ስለሆነ ይመለስ» አሉ ረጋ ብለው። «ግን ቅዳሜ ደጄ ላይ የቆምሽው ለምን ነበር?»

«ልገባ ነበር። ከእናንተ ጋር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ማን ይቀበለኛል?»

«አልከለከልኩሽም። ባልዲ የሚያቀብልልኝ ግን ሞልቷል። አንቺ ከማንም ይልቅ ምን እንደምታውቂ አስቢና ንገሪኝ።»

በዚያ ሳምንት አባቷና ጎረቤቶቹ ጎጆዋን ሠሩ። ገነቴም ሣር ተሸከመች፤ አስናቀችም ጭቃ ረገጠች፤ ወደዚያ ግቢ ስትገባ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። እትዬ አበራሽ ሠራተኞቹን ሲያበሉ «አረቄ አልሰጣችሁም፣ አትፍሩ» እያሉ አሳቋቸው። ገነቴ ሣሩን እያቀበለች ታስባለች። የእያንዳንዱ ቤት ጭስ ከክዳኑ ሲወጣ ታያለች። በእያንዳንዱ ክዳን ሥር ምድጃ አለ፤ በእያንዳንዱ ምድጃ አጠገብ እንደ እሷ የምትቸኩል ልጅ ትኖራለች። እነዚህን በሮች ማንኳኳት ለእሷ ከእሳት ይልቅ ያስፈራል። የማያውቋትን ሰዎች ማናገር፣ አንዱን በሀዲይኛ፣ ሌላውን በአማርኛ፣ ያጠፋችውንም ጭምር መናገር ይኖርባታል።

ቅዳሜ ወደ ጋሼ ማቴዎስ ግቢ ሄደች። በሩ ጥግ አልቆመችም። መካከል ድረስ ገባች።

«ገነቴ ጠና እባላለሁ። ልገባ ነው የመጣሁት። ባልዲ አልይዝም። በየቤቱ እየዞርኩ አመዱ እንዴት እንደሚደፋ ለልጆቹ አሳያለሁ። የእኔንም እነግራቸዋለሁ።»

«ሁሉን ነገር?» አለ ዳኘ። አሁን አልሳቀም።

«ሁሉን ነገር።»

ጋሼ ማቴዎስ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ከየትኛው ቤት ትጀምሪያለሽ?»

ገነቴ ይህንንም ወስና ነበር የመጣችው። ልጅ ባይኖርበትም፣ እናቷ ልጆች አይገቡበትም ትለው ወደነበረው፣ አዲስ ሣር ወደሚሸተው ግቢ ልትሄድ፣ በመጀመሪያ የእትዬ አበራሽን በር ልታንኳኳ ቆርጣ ነበር።

ልጆች፣ የታዘዝነውን ጥንቃቄ ሳንሰለች እንፈጽም፤ ያጠፋንም ጊዜ ሌላ ሰው በእኛ ፋንታ ሳይቀጣ እውነቱን ፈጥነን እንናገር።